ሞተ ያልኩት ቦንሳይ እንዴት ዳነ

ፊከስ ቦንሳዬ (ሳህን ውስጥ ትንሽ ሆኖ እንዲያድግ የማደርገው የዋርካ ዘመድ ዛፍ) ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር ውሃ የጠማው መሰለኝ። በየቀኑ አጠጣሁት። ጭራሽ ባሰበት። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ገና ስነካው ይረግፋል።

መጀመሪያ በሕይወት መኖሩን አየሁ። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። እፎይ! ቡናማና ደረቅ ቢሆን ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር።

ከዚያ ከሳህኑ አወጣሁት። ጉዱ ያለው እዚያ ነበር። አፈሩ እንደ ጭቃ ተጣብቋል፣ የሳህኑ ቀዳዳ ተደፍኗል። ጤነኛ ሥር ጠንከር ይላል፤ የእኔው ግን ጠቁሯል፣ በጣቴ ያዝ ሳደርገው ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፣ ይሸታል። ለካ ዛፉ የጠወለገው ውሃ አጥቶ አይደለም። ሥሩ አየር አጥቶ ስለበሰበሰ ውሃውን መሳብ አቅቶት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምልክቱ የጥም ስለሚመስል ውሃ ይጨምራል።

የበሰበሰውን በአልኮል በጸዳ መቀስ ቆረጥኩ። ቀዳዳውን ከፍቼ፣ አብዛኛው ደቃቅ ጠጠር የሆነ አፈር ውስጥ መልሼ ተከልኩት። እንዳይነቃነቅም በሽቦ ከሳህኑ ጋር አሰርኩት፤ ግንዱ ከተወዛወዘ አዲሱ ሥር ይበጠሳል። ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ማዳበሪያ የለም፣ ቅርንጫፍ መከርከምም የለም። የተጎዳ ሥር ማዳበሪያ አይችልም።

አሁን ቀን ቆጥሬ አላጠጣም። ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክቼ አወጣለሁ፤ ከረጠበ እተወዋለሁ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ትንሽ እርጥበት ብቻ ሲቀረው፣ በታች እስኪፈስ አጠጣዋለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ከግንዱ ላይ እንደ መርፌ የሾለች አረንጓዴ እምቡጥ አየሁ። ዛሬ አራት ቅጠል አላት።