ዳሌው እየታከመ ያለ ሕፃን ሲታዘል፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን በማዘያ ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ክፍላችን ገባች። ሕፃኗ 9 ሳምንቷ ነው። ዳሌዋ እንዲስተካከል የታዘዘላት ማሰሪያስ? እናትየው ቦርሳ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። «ከማዘያው ጋር አልሄድ አለኝ። ለመንገድ ብቻ ነው ያወለቅኩላት» አለችኝ። መንገዱ ታክሲ እየቀያየሩ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መመለሻው ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት።

የሕፃናት አጥንት ሕክምና ላይ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን። የዳሌ መገጣጠሚያን እንደ ሙቀጫና ዘነዘና አስቡት። የጭን አጥንት ራስ ዘነዘናው ነው። የዳሌው ጉድጓድ ሙቀጫው ነው። አንዳንድ ሕፃን ሙቀጫው ሳይጠልቅ ይወለዳል። ያኔ ዘነዘናው ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ወጥቶ ይቀመጣል። ሴት ሕፃናት ላይ ይበዛል። በመቀመጫቸው የመጡ ሕፃናት ላይ፣ ቤተሰብ ውስጥ ታሪኩ ባለበትም እንዲሁ። ከቀኝ ይልቅ ግራ ዳሌ ይጠቃል። ሕፃኑን ስለማያመው አያለቅስም። ለዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ ልጁ ቆሞ ሲሄድና ሲያነክስ ብቻ የሚነቃው።

ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ሙቀጫው የሚጠልቀው ዘነዘናው ውስጡ ተቀምጦ ሲቆይ ነው። የሕፃን አጥንት ገና ለጋ ነው፣ በተቀመጠበት ቅርጽ ያድጋል። 6 ወር ላልሞላቸው ሕፃናት በብዛት የሚታዘዘው ፓቭሊክ የሚባለው ማሰሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካስተዋወቀው የቼክ ሐኪም ከአርኖልድ ፓቭሊክ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች ድርቅ ያሉ ነበሩ። የእሱ ግን ሕፃኑ እግሩን እያወራጨ፣ ጉልበቱ ታጥፎና ጭኑ ተከፍቶ እንዲቆይ ያደርጋል።

«ለመንገድ ብቻ ነው ያወለቅኩት»

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ አልደብቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሰሪያው አብዛኛውን ጊዜ በቀን 23 ወይም 24 ሰዓት እንዲታሰር ይታዘዛል። ይህን ቁጥር ሐኪሙ ዝም ብሎ አላመጣውም። ማሰሪያው በወለቀ ቁጥር ዘነዘናው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። በወጣና በገባ ቁጥር የሙቀጫው ጠርዝ ይፋቃል። ለመንገድ አራት ሰዓት፣ ለእንግዳ ሁለት ሰዓት፣ «ትንሽ ትረፍ» ተብሎ አንድ ሌሊት፤ ስትደምሩት ሕክምናው ግማሽ ሆኗል። የወጣ ዳሌ በማሰሪያው በሦስት፣ በአራት ሳምንት ካልገባ ደግሞ ሐኪሙ እሱን ትቶ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሌላው መንገድ ሰመመን፣ ከዚያም ከደረት እስከ እግር የሚደርስ ጄሶ ሊሆን ይችላል። ጄሶው ለወራት ይቆያል።

ክርስትናን ለብቻው ላንሳው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። 80 ቀን ማለት 11 ሳምንት አልፎ ነው። በጊዜ የተጀመረ የማሰሪያ ሕክምና ብዙ ጊዜ ገና ያላለቀበት ሰዓት! ይህ ችግር ደግሞ የሚበዛው ሴቶች ላይ ነው። አንዲት እናት ለክርስትናው ብላ ሌሊት አወለቀችላት። እንግዳ በዛ፣ ልጅቷ ከእጅ እጅ ተዘዋወረች። ማሰሪያው የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ያውም ግራና ቀኙ ተገላብጦ። ያቺ ልጅ በኋላ ጄሶ ገባች። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን እናቷ እስከዛሬ ትጠይቀኛለች፣ እኔም የምመልሰው የለኝም። ክርስትናው ይቅር አላልኩም። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ለጥምቀቷ ያህል አውልቆ ወዲያው መመለስ ይቻል እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ማሰሪያው ላይ ነጭ ነጠላ ጣል ቢደረግ ማንም አያየውም።

የማዘያው ሕግም ያው ነው። ማሰሪያው ለማዘያው ብሎ አይወልቅም። ማዘያው ለማሰሪያው ካልተመቸ የሚቀየረው ማዘያው ነው።

«አያቶቻችን በአንቀልባ አይደል ያሳደጉን?»

እውነት ነው፣ እኔም አንቀልባን እወዳለሁ። ሕፃኑ ጀርባ ላይ ጭኑን ከፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል፤ ለዳሌ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም። ልጅ ጀርባ ላይ በሚታዘልበት በማላዊ በአንድ የአጥንት ሆስፒታል ወደ 10 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ከታዩ ከ40 ሺህ በላይ ልጆች መካከል ለዚህ ችግር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድም አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ አስተዛዘሉን እንደ አንድ ምክንያት አንስተውታል።

ግን ይህ ጤነኛ ዳሌን ስለ መጠበቅ ነው። አንዴ የወጣን ዳሌ አንቀልባ አይመልሰውም። አያቱ «እኔ አዝዬ አድነዋለሁ» ሲሉ ፍቅራቸው ይገባኛል። እማማ፣ ይዘሉት፤ ግን ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ከነማሰሪያው። አንገቱ ገና ያልጠና ሕፃን ደግሞ ደረት ላይ ይሁን። ጀርባ ላይ ሆኖ ፊቱ አይታይም፣ ማሰሪያው መቼ እንደተንሸራተተም አይታወቅም።

ከአሜሪካ እህት ወይም አክስት የምትልከው ማዘያም ተመሳሳይ ግራ መጋባት ያመጣል። ካርቶኑ ላይ ለዳሌ ጤና ተስማሚ ነው የሚል ምልክት ይኖራል። ጥሩ ምልክት ነው። ግን የሚናገረው ስለ አቀማመጡ ነው፣ ያክማል አይልም።

እግር ሲንጠለጠል

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ማዘያዎች መቀመጫቸው ጠባብ ነው። ሕፃኑ በሁለት እግሩ መሐል ባለች ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይንጠለጠላል፣ ጭኑ ወደ ታች ይወርዳል። ሕክምና ላይ ላለ ዳሌ የማንፈልገው ይህንን ነው። ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት ጀርባ እስከ ሌላው ጉልበት ጀርባ መድረስ አለበት። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይበሉ። እንቁራሪት ስትቀመጥ አስቡ። ጠባብ ማዘያ ብቻ ካላችሁ አትጣሉት። ነጠላ ወይም ሻሽ አጥፋችሁ ከሥሩ ከጉልበት እስከ ጉልበት አሳልፉና ወገባችሁ ላይ እሰሩት። መጀመሪያ ግን ባለሙያ ፊት ሞክሩት።

ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ማዘል? ሕክምናው እስኪያልቅ እርሱት።

ሲበዛም ስህተት ነው

ጠንቃቃ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «መከፈት ጥሩ ከሆነ የበለጠ ይከፈት» ይላሉ። አንድ አባት፣ በጣም የሚያስብ ሰው፣ የልጁን ጉልበቶች በማዘያው ገመድ ወደ ጎን ወጥሮ መጣ። ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄዱት የደም ሥሮች ቀጫጭን ናቸው። ጭን በኃይል ሲለጠጥ ይጨመቃሉ። ደም ያጣ አጥንት ይሞታል፣ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው በሽታ የከፋ ነው። የፓቭሊክን የኋላ ማሰሪያ አይታችሁ ከሆነ ላላ ያለ ነው። ሆን ተብሎ ነው። ሥራው እግሮቹ እንዳይገጥሙ መከልከል እንጂ መለጠጥ አይደለም። ጭኑ በራሱ ክብደት ይከፈታል። በጣም ሰፊ የሆነ፣ ጨርቁ ከጉልበት አልፎ የሚሄድ ማዘያም አይሆንም፤ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ወንጭፍ መሰል ማዘያ

ሕፃኑን በጎኑ የምታስተኛዋን፣ አንድ ትከሻ ላይ የምትንጠለጠለዋን ማለቴ ነው። እግሮቹን አንድ ላይ ታጣብቃለች። ከዳሌው በላይ ደግሞ ትንፋሹ ያሳስበኛል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከእንዲህ ያለ ማዘያ ጋር በተያያዘ በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 14 ሕፃናት መሞታቸውን ገልጿል። 12ቱ 4 ወር ያልሞላቸው ነበሩ። በየትኛውም ማዘያ አገጩ ደረቱ ላይ አይድፋ፣ ፊቱ ይታያችሁ። ብርድ ነው ብላችሁ በጋቢ ከላይ እስከ ታች አትሸፍኑት።

ከወረደ በኋላ መጠቅለል

በሥርዓት ታዝሎ ይቆይና፣ ሲተኛ እግሩን ቀጥ አድርገው በጨርቅ ጥፍር አድርገው ይጠቀልሉታል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የሕፃናትን እግር ቀጥ አድርጎ መጠቅለል እንዲቀር ዘመቻ ተጀመረ። ከ100 ሕፃናት ከ1 በላይ በሆኑት ላይ ይታይ የነበረው ችግር ከ1000 ሕፃናት በ2 ገደማ ላይ ብቻ የሚታይ ሆነ። እጁን ጠቅልሉት፣ እግሩን ተዉለት።

ጄሶ ላይ ላለ ልጅ

የተለመደው ማዘያ አይሆንም። ጄሶው ከባድ ነው፣ ጠርዙም ቆዳ ይልጣል። አብዛኞቹን ሽንጥ ላይ፣ በአንድ ጎን አንፈራጦ መያዝ ይመቻቸዋል። አያያዙን ከሆስፒታል ሳትወጡ አስተምሩኝ በሉ።

እኔ የተሳሳትኩት

ሥራ ስጀምር ለሁሉም እናት «ማዘል ክልክል ነው» እል ነበር። ለእኔ ቀላል መልስ ነበር። አንዲት ጉሊት የምትሸጥ እናት ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ልጇን ሳታዝል ውላ የምትገባበት ቀን እንደሌላት አልጠየቅኳትም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው ያወቅኩት፦ እኔን ፈርታ ሳትነግረኝ፣ ቀን ቀን ማሰሪያውን እያወለቀች ታዝለው ነበር። ከነማሰሪያው እንዴት እንደምታዝለው በዚያ ቀን አሥር ደቂቃ ባሳያት ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቀኑን እንዴት ነው የምትውይው?» ብዬ ነው።

ወጌሻ

ርዕሴ ማዘያ ነው፣ ግን ይህን ሳልል አላልፍም። የሕፃን ዳሌ በቅቤ ታሽቶ፣ ተጎትቶ አይገባም። ስለ አዋቂ ወለምታ አልከራከርም። የሕፃን ዳሌ ግን ለወጌሻ አይሰጥም!

እንግዲህ ለቀጠሮ ስትመጡ ማዘያውን፣ አንቀልባውን፣ ነጠላውንም ቢሆን ይዛችሁ ኑ። እኛ ፊት አዝሉት። ማሰሪያው የት እንደሚሳብ፣ ማንጠልጠያው የት እንደሚጫን አብረን እናያለን። ቤት ስትገቡ አውርዳችሁ የጉልበቱን ጀርባና የብሽሽቱን እጥፋት ተመልከቱ፣ ቆዳው ቀልቶ ይሆናል። ጣቶቹን ንኩ፣ ሞቅ ያሉ መሆን አለባቸው። ከዚያ እግሩን ሲወራጭ ጠብቁ። ጉልበቱን መዘርጋት ካቆመ፣ ማሰሪያው ጭኑን ከልክ በላይ አጥፎ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደውሉ ወይም ይዛችሁት ኑ።