አዲስ ጂግ ተምሮ ከአየርላንድ ባህላዊ ተጫዋቾች ጋር አብሮ ለመጫወት

ጂግ በአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥ በስድስት ስምንተኛ ምት የሚሄድ የጭፈራ ዜማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ሜዠር (ዜማው የሚከፈልባቸው እኩል የምት ክፍሎች) ሆኖ ሁለት ጊዜ ስለሚደገም አንድ ዙር 32 ሜዠር ይሆናል። በችክችካ ያደገ ጆሮ በዚህ ምት አይደናገርም፤ የሚያስቸግረው እጅ ነው። እኔ የምጫወተው በእነ አየለ ማሞ ጣቶች የለመድነውን ማንዶሊን ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። ዜማው ደግሞ ቦይስ ኦፍ ዘ ሎክ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ባልደረባ ዴቭ ሪቻርድሰን የደረሰው «ከላዮፒ ሀውስ» ይሁን።

መሣሪያዎን ከማንሳትዎ በፊት ዜማው በየትኛው ቶን እንደሚጫወት ይጠይቁ። ይህ ዜማ የተደረሰው በኢ ሜጀር ቢሆንም ብዙዎች የሚጫወቱት በዲ ሜጀር ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከኖታ ላይ በኢ ሁለት ሳምንት አጥንቼ ተጫዋቾች ተሰብስበው አብረው ወደሚጫወቱበት አንድ ስብስብ ሄድኩ። ተራዬ ደርሶ ስጀምረው ፍሉት ተጫዋቿ ጥቂት ድምፅ ሞክራ አቆመች፤ የቆርቆሮ ዋሽንት የያዘውም ሰው ዋሽንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ሁለተኛውን ክፍል ብቻዬን ጨረስኩት። የተለመደው የቆርቆሮ ዋሽንትና የእንጨት ፍሉት በዲ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ኢ ሜጀር የሚጨምራቸውን ጂ ሻርፕና ዲ ሻርፕ ለማግኘት ቀዳዳውን በከፊል መድፈን ይጠይቃል፤ ይህም በጂግ ፍጥነት ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ዜማውን ያለ መሣሪያ እስኪያንጎራጉሩት ድረስ ያዳምጡ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 መቀነስ ይበቃል። ኖታ የተረሳን ድምፅ ለማስታወስ ይረዳል፤ ከኖታ ብቻ የተማረ ሰው ግን ሲጫወት ያስታውቃል።

ዋናው ሥራ የቀኝ እጅ ነው። በየሜዠሩ ያሉትን ስድስት ድምፆች ወደታች፣ ወደላይ፣ ወደታች፤ እንደገና ወደታች፣ ወደላይ፣ ወደታች ብለው ይምቱ። ሦስተኛውና አራተኛው ምት ሁለቱም ወደታች መሆናቸው መጀመሪያ ላይ እጅን ያደናቅፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጀማሪ አንዱን ወደታች፣ አንዱን ወደላይ እያፈራረቀ ይቀጥላል። እንዲህ ሲሆን ክብደት የሚፈልገው አራተኛው ድምፅ ወደላይ በሚመታው ደካማ ምት ላይ ይወድቅና ጂጉ መንፈሱን ያጣል። እኔም ወራት ያባከንኩት በዚሁ ነው።

መፍትሔው ግራ እጅን ማሳረፍ ነው። በአንድ ክፍት ክር ላይ ብቻ፣ በአንድ ሜዠር ሁለት ጊዜ እግርዎን መሬት ላይ እየመቱ፣ ሁለቱ ተከታታይ ወደታች ምቶች ሳያስቡባቸው እስኪመጡ ድረስ በጣም በዝግታ ይለማመዱ። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ድምፅ ሲመጣ መካከለኛው ወደላይ ምት ይዘለላል እንጂ የእጁ እንቅስቃሴ አይቋረጥም፤ ፒኩ (ክር መምቻው) ክሩን ሳይነካ ወደላይ ይመለሳል። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) አልነቅፍም፣ ነገር ግን ከእግር አይበልጥም። ስስ ፒክ ግን አይግዙ፤ ወደታች ሲመቱ ይታጠፍና ድምፁን ያዘገያል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን እጆች ማገናኘት የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ወደ ስብስቡ ሲሄዱ ስለ ዜማው የሚነሳውን ውይይት አይናቁት። አንዱ ዜማው ጥንታዊ ነው ይላል፣ ሌላው ሁለተኛውን ክፍል በተለየ አጨራረስ ይጫወታል። ደራሲው የሚታወቅን ዜማ ከደራሲው ስም ጋር መጥራት ተገቢ ስለሆነ ይህን በትሕትና መናገር ነውር የለውም፤ በአጨራረሱ ግን ዜማውን የጀመረውን ሰው ይከተሉ፣ ጥያቄዎንም ጨዋታው ሲያበቃ ያቅርቡ። በስልክዎ ለመቅዳት አስቀድመው ያስፈቅዱ። ዜማው ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ከተጫወተ በኋላ ሳይቆም ወደ ሌላ ዜማ ይታለፋል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ዓይንዎ ከጣቶችዎ ተነሥቶ ዜማውን በጀመረው ሰው ላይ ይሁን።