የእስያን ራግቢ ከዜሮ ተነስቶ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ራግቢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሏችሁ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ከሆኑ አይገርምም። እስያ ውስጥም ግን ጨዋታው እያደገ ነው። ችግሩ እድገቱ ወጥ አይደለም። ጃፓንን ብቻ ያየ ሰው «እስያ ደርሳለች» ይላል፣ የቀሩትን ያየ ደግሞ «ገና ብዙ ይቀራቸዋል» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ጃፓንን መግቢያ አድርጎ፣ ዓይንን ግን ከእሷ ቀጥሎ በሚመጡት ላይ መጣል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሁለቱን የጨዋታ ዓይነቶች ለዩ። በየቡድኑ 15 ተጫዋች ያለው (ባለ 15ቱ) ሁለት 40 ደቂቃ ነው፤ 7 ተጫዋች ያለው (ባለ 7ቱ) ሁለት 7 ደቂቃ ብቻ። የሜዳው ስፋት ግን ያው ስለሆነ በባለ 7ቱ ሩጫው ሌላ ነው። ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፣ 5 ነጥብ ያሰጣል። ከትራይ በኋላ የሚመታው 2፣ ፔናሊቲ ደግሞ 3 ነጥብ ነው። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ለመጀመር ይህ ይበቃል፣ ሌላውን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ። ብዙ የእስያ አገሮች በባለ 7ቱ የሚጀምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰባት ፈጣን ልጆች ማግኘት፣ ስክረም ላይ (ሁለቱ ቡድኖች ለኳሷ ሲገፋፉ) ተቆላልፈው የሚገፉ ስምንት ግዙፍ ሰዎችን ከማሰልጠን ይቀላል።

ቀጥሎ አንድ ጨዋታ ፈልጋችሁ እዩ። የ2015ቱን የዓለም ዋንጫ፣ ጃፓን ከደቡብ አፍሪካ፣ ብራይተን ላይ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ በ1995 የዓለም ዋንጫ ኒውዚላንድ ጃፓንን 145 ለ 17 ነው ያሸነፈቻት። ከ20 ዓመት በኋላ ያው ጃፓን የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ፊት ቆማለች። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ 32 ለ 29 እየመራች ነው፣ ጃፓን ፔናሊቲ አገኘች። ብትመታና ብታገባ እኩል ትወጣለች፤ እሱ ራሱ ታሪክ ነው። አሰልጣኙ ኤዲ ጆንስም የፈለገው ይህንኑ ነበር። አምበሉ ማይክል ሊች ግን «ስክረም» አለ። ወይ ማሸነፍ ወይ ባዶ እጅ መቅረት። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ሄዳ ሄዳ አማናኪ ማፊ ጋ ደረሰች፣ ማፊ አንዱን በእጁ ገፍትሮ ለካርን ሄስኬት አቀበለ፣ ሄስኬትም ግራ ጥግ ላይ ተወርውሮ አስቆጠረ። 34 ለ 32። ቁራጩን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ እዩት። ጃፓኖች በዕድል እንዳላሸነፉ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ጃፓን የዓለም ዋንጫውን ራሷ አዘጋጀች፤ በእስያ የመጀመሪያው ነው። አየርላንድን 19 ለ 12፣ ስኮትላንድን 28 ለ 21 ረትታ፣ ምድቧን ያለ ሽንፈት ጨርሳ ሩብ ፍጻሜ ገባች። እዚያ ደቡብ አፍሪካ ብድሯን መለሰች፣ 26 ለ 3።

አሁን ሊግ ያስፈልጋችኋል። በየሳምንቱ የሚታይ ነገር ከሌለ ፍቅሩ ቶሎ ይበርዳል። የጃፓን ራግቢ ሊግ ዋን በ2022 ተጀመረ፣ የሚካሄደውም ከዲሴምበር አካባቢ እስከ ሜይ መጨረሻና ጁን መጀመሪያ ነው። ቡድኖቹ የኩባንያ ናቸው፦ ቶሺባ፣ ፓናሶኒክ፣ ሰንቶሪ፣ ቶዮታ። ስማቸው ደግሞ አያልቅም። «ኩቦታ ስፒርስ ፉናባሺ ቶኪዮ ቤይ» ብሎ የሚደግፍ ሰው ትንፋሹን መያዝ አለበት። ለጀማሪ ቶሺባ ብሬቭ ሉፐስን እመክራለሁ። በ2024 እና በ2025 ተከታትለው ዋንጫ ወስደዋል፣ የእነዚያን ዓመታት ጨዋታዎች ብታዩ የኒውዚላንዱ ሪቺ ሞውንጋ እንዴት ጨዋታ ይመራ እንደነበርም ታያላችሁ። የኩባንያ ገንዘብ ግን ሁለት ፊት አለው። ዓለም አቀፍ ኮከብ ያመጣል፣ አለቆቹ ሐሳብ ሲቀይሩ ደግሞ ቡድኑ ይፈርሳል። የኮካ ኮላ ቡድን በ2021፣ የሙናካታ ሳኒክስ ደግሞ በ2022 የተበተኑት በዚህ መልኩ ነው።

«የጃፓን ቡድን እኮ በውጭ ሰዎች የተሞላ ነው» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። መልሱን አዘጋጁ። ሊች ኒውዚላንድ ቢወለድም በ15 ዓመቱ ሳፖሮ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ነው። በ2019 ስክረሙን ከገፉት አንዱ ኩ ጂ ዎን የደቡብ ኮሪያ ልጅ ነው፤ አባቱም ለኮሪያ ተጫውቷል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በመኖሪያ ብቻ ለአንድ አገር ለመሰለፍ 5 ዓመት መኖር ግድ ነው፣ ድሮ 3 ነበር። የጃፓን መሠረት ትምህርት ቤት ነው። በአዲስ ዓመት ሰሞን ሃናዞኖ ስታዲየም የሚደረገውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አንድ ቀን ፈልጋችሁ ብታዩት ሌላ ማስረጃ አያሻችሁም።

ከጃፓን ውጭ ስንወጣ ነው ነገሩ የሚጥመው። ጃፓን በእስያ ሻምፒዮና መጫወት ካቆመች ቆይታለች፤ ለ2027ቱ የዓለም ዋንጫም በ2023ቱ ዋንጫ ከምድቧ ሦስተኛ በመውጣቷ ቀጥታ አልፋለች። ስለዚህ የእስያ ቀጥታ ቦታ ለሌላ ተረፈ። ውድድሩም ከ20 ወደ 24 ቡድን ሰፋ። ያን ቦታ ሆንግ ኮንግ በ2025 ኮሪያን ኢንቾን ላይ 70 ለ 22 ደምስሳ ወሰደችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። በ1976 በተጀመረው የባለ 7 ውድድሯ ስትታወቅ የኖረች ከተማ በባለ 15ቱም መጣች ማለት ነው። ምድቧ ከኒውዚላንድ፣ ከአውስትራሊያና ከቺሊ ጋር ነው። ከኒውዚላንድ ጋር የሚመጣውን ውጤት አይታችሁ አትፍረዱ። የቺሊውን ጨዋታ ምልክት አድርጉበት፣ ልካቸው የሚታወቀው እዚያ ነው።

ስሪላንካን አትዝለሉ። ራግቢ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ ደግሞ እንደ ባህል ነው። ከ1945 ጀምሮ የኮሎምቦው ሮያል ኮሌጅና የካንዲው ትሪኒቲ ኮሌጅ ለብራድቢ ጋሻ ሲፋለሙ ስታዲየሙ ይሞላል። ተሰጥኦም ተመልካችም አለ። የጎደለው አስተዳደር ነው። በ2023 ፌዴሬሽኑ በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ምክንያት ከዓለም ራግቢ ታግዶ ነበር። ሕንድ የስሪላንካ ተቃራኒ ናት፦ መጀመሪያ ገንዘቡ መጣ። በ2025 ሙምባይ ላይ ስድስት ቡድኖች ያሉት የባለ 7 ፕሪሚየር ሊግ ተከፈተ፣ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ እየተጫወቱ። ለቴሌቪዥን የተመቸ ነው። ልጆቹ በየሰፈሩ ኳሷን ማንሳት ካልጀመሩ ግን በሊግ ብቻ የትም አይደረስም ባይ ነኝ። በነገራችን ላይ እንግሊዝና ስኮትላንድ የሚጫወቱበት የካልካታ ዋንጫ የተሠራው በ1878 የፈረሰ የካልካታ ክለብ የብር ሩፒዎቹን አቅልጦ ነው፤ ጨዋታው ለሕንድ እንግዳ አይደለም።

የቻይና ሴቶች ባለ 7 ቡድንንም ተከታተሉ። በ2023ቱ የሃንግዡ የእስያ ጨዋታዎች ጃፓንን አሸንፈው ወርቅ ወስደዋል። የ2026ቱ የእስያ ጨዋታዎች ጃፓን ውስጥ አይቺና ናጎያ ላይ ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኦክቶበር 4 ነው።

«ራግቢ እየፈነዳ ነው» የሚል ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጆች ትምህርት ቤት ይጫወታሉ? ተጫዋቹን ማን ይከፍለዋል? ቡድኑ በዓመት ስንት ከባድ ጨዋታ ያገኛል? የተጫዋች ብዛት ብቻ የሚነግራችሁን ዜና በጥርጣሬ እዩት፤ አንድ ቀን ኳስ የነካ ልጅ ሁሉ ሊቆጠር ይችላል። ከሦስቱ ወሳኙ የመጨረሻው ይመስለኛል። ጃፓን ከ2026 ጀምሮ ከታላላቆቹ ጋር በኔሽንስ ቻምፒዮንሺፕ ትጫወታለች። የቀሩት የእስያ ቡድኖች ጠንካራ ተጋጣሚ ካላገኙ፣ በእነሱና በጃፓን መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የት ይታያል? የዓለም ራግቢ ድርጅት ራግቢፓስ ቲቪ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለው። ተመዝግባችሁ ግቡ፣ የሚታየው ግን ከአገር አገር ይለያያል። የስሪላንካ ትምህርት ቤቶችን ጨዋታ ዘፓፓሬ የሚባለው ድረ ገጽ በቀጥታ ያስተላልፋል። ድምፁን አትቀንሱ፣ ደጋፊዎቹ ግማሽ ትርዒት ናቸው።