ታርጌቲንግ፦ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ስንፈርድ የምንሳሳተው

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል እያያችሁ ነው። ሁለት ሄልሜት «ጧ!» ብሎ ይጋጫል፤ ዳኛው «ጥፋት አለ» ለማለት ቢጫ ጨርቁን ይወረውራል። ከቤቱ ግማሹ «ይባረር!» ሲል ግማሹ «ምን አጠፋ?» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚፈርዱት በጆሯቸው ነው።

በድምፁ መፍረድ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሄልሜት ከሄልሜት ስለተላተመ ብቻ ታርጌቲንግ (ተጫዋች የሚያስባርር አደገኛ የአመታት ጥፋት) አይሆንም። ጥፋቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው፣ በሄልሜቱ አናት መግጨት ነው። እንደ አውራ በግ አንገቱን ደፍቶ ከገባ ተመቺው ማንም ይሁን ማን፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥም ቢሆን፣ ጥፋት ነው። ሁለተኛው፣ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው ጭንቅላቱ ወይም አንገቱ ላይ መምታት ነው፤ ለምሳሌ ኳስ እየወረወረ ያለን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች)፣ ወይም ዓይኑ ኳሱ ላይ የተተከለ ተቀባይን። እዚህ ላይ በትከሻ ወይም በክርን መምታትም ይቆጠራል፤ «በሄልሜት አልነካውም» አያድንም። በሁለቱም ግን ምልክት ይፈለጋል፦ ተስፈንጥሮ መግባት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ መፈናጠር፣ አንገት መድፋት። ስለዚህ ሪፕሌይ ሲመጣ የወደቀውን ትታችሁ የመቺውን አንገት እዩ።

«ተመቺው ራሱ ጎንበስ ብሎ ነው እኮ!» ሌላዋ የተለመደች ክርክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊዬስታ ቦውል በተባለው የኮሌጅ ጨዋታ ኦሃዮ ስቴት ክሌምሰንን 16 ለ 0 እየመራ ሳለ የኦሃዮ ስቴቱ ሾን ዌድ የክሌምሰኑን ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስን ጣለው። ሪፕሌይ ታየ፤ ዌድ ተባረረ። ኳሱን ሊያስረክብ የነበረው ክሌምሰን በቅጣቱ ምክንያት ማጥቃቱን ቀጥሎ ነጥብ አስቆጠረ፤ በመጨረሻም 29 ለ 23 አሸነፈ። ሎውረንስ ዝቅ ብሎ ነበር ያሉ ብዙ ናቸው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን መቺው በአናቱ ከገባ የተመቺው ማጎንበስ ነፃ አያወጣውም። እኔም ያኔ ቲቪው ላይ ጮኬያለሁ።

በእግር ኳስ ላደግን ደግሞ ቀይ ካርድ ይመስለናል። አይደለም። ተጫዋቹ ይወጣል፣ ተተኪው ይገባል፣ ቡድኑ 11 ሆኖ ይቀጥላል። ቡድኑ የሚከፍለው የ15 ያርድ (14 ሜትር ገደማ) ርቀት ቅጣት ነው። ማባረሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ ያን ዓመት አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር፦ ሪፕሌይ «ታርጌቲንግ አይደለም» ብሎ ተጫዋቹን ቢመልሰውም 15 ያርዱ ግን አይመለስም ነበር! በ2014 አስተካከሉት።

እሁድ ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹን ሊግ) ስታዩ ደግሞ የቅዳሜውን የኮሌጅ ህግ ይዛችሁ አትግቡ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለው ህግ ጭንቅላት ዝቅ አድርጎ በሄልሜት መግጨትን ይከለክላል፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውንም ይመለከታል። ቅጣቱ 15 ያርድ ነው፤ መባረር ግን እንደ ኮሌጁ ወዲያው አብሮ አይመጣም።