ከድሬ አዲስ አበባ፣ የ12ኛ ክፍል ትሪፕ እንዴት ይዘጋጃል

የ12ኛ ክፍል ትሪፕ አዘጋጁ ተብላችሁ ኮሚቴ የገባችሁ ተማሪዎችና ሃላፊነቱ የተጣለባችሁ መምህራን፣ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ ከድሬ አዲስ አበባ አንዴ ተማሪ ሆኜ ሁለቴ ደግሞ አጃቢ ሆኜ ሄጃለሁ። ለኔ ጥሩ ትሪፕ ማለት ክፍሉ አንድ ልጅ ሳይጎድልበት የሄደበት ነው። እኛ ተማሪ ሆነን ስንሄድ አንዷ ጓደኛችን ሁለት ቀን ሲቀረን አሞኛል ብላ ቀረች፣ እኛም አመንናት፣ ለካ እናቷ ብሩን መሙላት አቅቷቸው ነው፣ ያወቅነው ተመልሰን ፎቶ እያሳየናት ፊቷ ሲቀየር ነው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ከታች የምፅፈው አብዛኛው እሷን እያሰብኩ ነው።

1. ቀኑን መስከረም ላይ ቁረጡ

በጣም የሚመቸው የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ ያለው እረፍት ነው፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ። ወደ ሰኔ አትግፉት፣ ማትሪክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ከመጣ ወዲህ ያኔ የተማሪውም የወላጁም ልብ እዛ ነው። ታህሳስ 19 አካባቢንም እርሱት፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግስ ስለሆነ መንገዱ በመኪና ይሞላል ኮንትራትም በደህና ዋጋ አይገኝም። ሌላው ፆም ነው። ረመዳን በየአመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ ካላንደር አይታችሁ ወስኑ፣ በ2018 ለምሳሌ ረመዳንና አብይ ፆም አንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። የድሬ ክፍል መቼም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ግማሹ እየፆመ ግማሹ እየበላ የሚዞርበት ትሪፕ ለማንም አይጥምም።

2. ብሩ (እዚህ ላይ ቀስ በሉ)

መጀመሪያ ጠቅላላ ወጪውን ፃፉ፣ መኪና፣ የሹፌርና የረዳት አበልና ማደሪያ፣ የናንተ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መግቢያ፣ ውሃ፣ መጠባበቂያ። ከዛ አካፍሉ። ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ ነው፣ ክፍሉ 50 ልጅ ከሆነ በ50 ያካፍሉና መጨረሻ ላይ 43 ልጅ ሲከፍል የሰባቱን ቀዳዳ የሚሞላ ይጠፋል፣ ከዛ "ተጨማሪ አምጡ" ይባላል፣ ያቺ ተጨማሪ የምትባለዋ ብር ናት ደሃውን ልጅ የምታስቀረው። ስለዚህ 50 ካላችሁ በ42 አካፍሉ። ሁሉም ከከፈለ የተረፈው መክፈል ለማይችሉት ይሆናል።

አሰባሰቡን እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ አድርጉት፣ ድሬ ላይ ዕቁብ የማያውቅ ቤት የለም ወላጅ ቶሎ ይገባዋል። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ወደ 17 ሳምንት አለ። ባንዴ አምጣ ሲባል ቤት የሚያናውጥ ብር 17 ቦታ ሲከፈል የሻይ ብር ይሆናል። ብሩ ደግሞ በአንድ ሰው ቴሌብር ላይ አይቀመጥ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳን ስልኩ ሊጠፋ ይችላል። በሶስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፣ አንድ መምህር፣ ሁለት ወላጅ። በየሳምንቱ የገባውንና የወጣውን ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ ግን በፍፁም ያልከፈለ ልጅ ስም አትለጥፉ፣ ክፍል ውስጥም አትጥሩ!! ማን እንዳልከፈለ የሚያውቀው የክፍል ሃላፊው መምህር ብቻ ይሁን፣ እሱ ልጁን ለብቻ ጠርቶ ያነጋግረው፣ ቀሪው ከጋራው ብር ይሸፈን፣ ጓደኞቹ እንኳን አይወቁ። የጋራውን ብር ለማሳደግ በእረፍት ሰአት ሳምቡሳና ሻይ መሸጥ ይሰራል፣ ከዚራ ሰፈርና ታይዋን ገበያ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎችን የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዞ መጠየቅም ይሰራል፣ የጂሲ (የተመራቂ ክፍል) ቲሸርትና ሁዲ ግን ከትሪፑ ጋር አታያይዙት፣ የፈለገ ለብቻው ይግዛ።

3. በምን እንሂድ

ባቡር ወይ አውቶብስ። ድሬ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ልጆቹ በባቡር ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ግን አዲሱ ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሃር መሃል ከተማ አይደለም፣ ወጣ ብሎ ነው፣ አዲስ አበባም የሚያወርዳችሁ ለቡ ጋ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ሌላ መኪና ትከራያላችሁ። ባቡሩ በየቀኑ ይኖራል ብላችሁም አታስቡ፣ ፕሮግራሙን አስቀድማችሁ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

እኔ ከብዙ ልጅ ጋር ስሄድ አውቶብስ ኮንትራት እመርጣለሁ፣ እዛ ከደረሳችሁ በኋላም መኪናው አብሯችሁ አለ። ውል ሳትፅፉ ቀብድ አትስጡ። ውሉ ላይ ነዳጅ በማን ነው፣ ከአዳማ በኋላ ያለው የፍጥነት መንገድ ክፍያ በማን ነው፣ ሹፌሩ የት ያድራል፣ መኪናው ቢበላሽ ማን ሌላ ያመጣል የሚለው በግልፅ ይፃፍ። ቦሎውንና ኢንሹራንሱን እዩ፣ ጎማውን መኪና የሚያውቅ ወላጅ ወስዳችሁ አሳዩ። ሁለት ሹፌር ቢሆን ጥሩ ነው። ርቀቱ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሙሉ ቀን ያዙለት፣ ንጋት 11 ሰአት ተነሱ፣ ማታ አትጓዙ። ብር ይተርፋል ብትባሉ እንኳን ክፍሉን በሚኒባስ ከፋፍላችሁ አትጫኑ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሄዳችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ ሹፌሮቹ ያውቃሉ።

4. ወረቀት

የወላጅ ፊርማ ያለበት ፈቃድ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ከነስም ዝርዝሩ (አምስት ስድስት ኮፒ)፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ያለው ሰው ፋይዳ። አዋሽ ኬላ ላይ ጉምሩክ ይፈትሻል፣ ለአክስቴ ለአጎቴ ተብሎ ከታይዋን ማሸጊያው ሳይከፈት የተጫነ እቃ ሙሉ አውቶብሱን ያስቆማል፣ ይሄን ለወላጆች በስብሰባ ላይ በግልፅ ንገሯቸው። ፈቃዱ ጀርባ ላይ የልጁ ህመም ካለ ይፃፍ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የሚወስደው መድሃኒት።

5. ብርድና ጤና

ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። የኛ ልጆች በቲሸርት ተነስተው ገና ቁልቢ ላይ ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምሩት። ሹራብ ወይ ጃኬት፣ ካልሲ፣ ለማታ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ የግድ ነው። ጃኬት የሌለው ልጅ ስለሚኖር ሁለት ሶስት ትርፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንም ሳያይ ስጡት። ከደንገጎ እስከ ጭሮ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሚያስመልሳቸው ፊት ይቀመጡ፣ ፌስታልና ሎሚ ይዘጋጅ። ሌላ በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ትኩሳት ከያዘው ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና "ከድሬዳዋ ነው የመጣነው" በሉ፣ ወባና የደንጊ ትኩሳት ካለበት አገር እንደመጣችሁ ሃኪሙ ካላወቀ ላይመረምረው ይችላል።

6. ማደሪያና ምግብ

ሁሉም አንድ ቦታ ይደር። "እኔ አያቴ ቤት ነኝ፣ እኔ አክስቴ ጋ ነኝ" ከተባለ ጠዋት ልጅ ስትሰበስቡ ነው የምትውሉት። ዘመድ ያለው ዘመዱ መጥቶ ይየው። ሴት መምህር ወይም እናት ሳትኖር አትሂዱ፣ ለ12 ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ። ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋችሁ መድቡ፣ መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት እያንዳንዱ ስለ አራት ጓደኞቹ ይመልስ።

ምግብ ላይ የእስላም ስጋ የክርስቲያን ስጋ እያላችሁ ሁለት ቦታ አትከፋፈሉ። ቀኑን ሙሉ በየአይነቱና ሩዝ በአትክልት ካዘዛችሁ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ረቡዕና አርብም አያስቸግርም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለመንገድ ከቤት ይያዝ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ምናምን፣ ሙሸበክ (የድሬው ጣፋጭ) የያዘ ልጅ ደግሞ የአውቶብሱ ንጉስ ነው።

7. ምን እንይ

በቀን ሁለት ትልቅ ቦታ፣ ከዛ በላይ አይቻልም። ሁሉም ቦታ ቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ፣ የተማሪ ዋጋ ካለ ጠይቁ፣ የሚዘጉበትንም ቀን አጣሩ።

ብሄራዊ ሙዚየም ሂዱ ድንቅነሽን እዩ፣ እድሜዋ 3.2 ሚሊዮን አመት ነው፣ በ1967 ሃዳር ላይ የተገኘችው። ሃዳር ያለው እዛው አዋሽ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ስትሄዱ የአዋሽን ድልድይ ስትሻገሩ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ሙዚየሙ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ከዛ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ድሮ የጃንሆይ ቤተመንግስት የነበረው፣ አሁን ውስጡ ሙዚየም አለ፣ የንጉሱ መኝታ ቤትም ይታያል። የተወለዱት ሀረር አጠገብ ኤጀርሳ ጎሮ ነው፣ የኛው አገር ሰው። ልጆቹ ግቢውን በእግራቸው ይዙሩ፣ ላይብረሪ የሚገቡትን ተማሪዎች ይዩ፣ እኔ ካጀብኳቸው አንዱ እዛ አጥር ስር ቆሞ "ቲቸር እዚህ ነው የምማረው" አለኝ፣ ለማትሪክ ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ አላየሁም።

ሁለተኛው ቀን ፒያሳ የአድዋ ድል መታሰቢያ፣ የካቲት 2016 የተከፈተው። የሀረርን ጦር ይዘው አድዋ የዘመቱት ራስ መኮንን ናቸው፣ አንድ ተማሪ ቀድሞ አጥንቶ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ አድርጉ። ከሰአት አንድነት ፓርክ ወይም የሳይንስ ሙዚየም። መርካቶን በ50 ልጅ አትሞክሩት፣ የሚጠፋ ስልክ ፍለጋ ትውላላችሁ።

ስትመለሱ ጊዜ ካለ ቢሾፍቱ ሆራ ሃይቅ ዳር ምሳ ይበላል፣ ግን በዛ ቀን ከማደሪያችሁ ማልዳችሁ ካልወጣችሁ ይለፋችሁ።

8. መመለሻ

ወላጆች ከቀኑ 10 ሰአት ጀምሮ በር ላይ ቆመው እንዳይጠብቁ ደንገጎ ስትደርሱ ነው የምትደውሉት፣ ከዛ ቁልቁለቱ ብቻ ነው የቀረው። ማታ ከሆነ ልጅ ለብቻው ባጃጅ አይሳፈር፣ ወላጅ ያልመጣለት መምህሩ ቤቱ ድረስ ያድርሰው፣ ገንደ ቆሬም ይሁን ሳቢያን። በሳምንቱ ሂሳቡን ከነደረሰኙ ሰሌዳው ላይ ለጥፉ፣ ፎቶውንም ለሁሉም በቴሌግራም ላኩ፣ ስልክ ለሌለው ልጅ ሁለት ሶስቱን አሳጥባችሁ ስጡት።