ብዙ ቦት በአንድ ሰርቨር፦ የክሪፕቶ ቦቶችን በዶከር ስታስኬዱ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የትሬዲንግ ቦት (ራሱ ኮይን የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም) በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ክፍል ለየብቻ በሚያስኬድ ሶፍትዌር፣ ማስነሳት ከባድ አይደለም። ፍሪክትሬድን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር አለ። የኮምፖዝ ፋይሉ (ዶከር ምን እንደሚያስነሳ የሚነግረው ፋይል) ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ትንሽ ነካ ነካ አድርጎ ማስነሳት ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩ ነው። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ኮድ ከሚጽፉ ልጆች ጋር ስናወራ ደጋግሜ የምሰማው ይህንን ነው፦ «ኮንቴይነር እኮ ለየብቻው ነው የሚሠራው፣ አይነካካም።»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኮንቴይነር የሚለየው ፕሮግራሙን ነው። ገንዘቡን አይለይም። የሰርቨሩን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻውን)፣ ዲስኩንና ሜሞሪውን አይለይም። ገበያውንማ ጭራሽ አይለይም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ በአገራችን ሕጋዊ መገበያያ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። እውነተኛ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት አሁን ያለውን ሕግ አጣሩ። እዚህ የምጽፈውን ሁሉ በድራይ ራን፣ ማለትም ቦቱ በሌለ ገንዘብ እየተለማመደ፣ መማር ይቻላል። የምመክረውም እሱን ነው።

ሁሉም ቦት ከአንድ አካውንት መብላቱ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ) ላይ ባለ አካውንታችሁ 300 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ኮይን) አለ እንበል። ሦስት ቦቶች በአንድ የኤፒአይ ቁልፍ (ቦት ወደ አካውንቱ የሚገባበት ኮድ) ገብተዋል። እያንዳንዱ «ስንት አለኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ኤክስቼንጁ 300 ብሎ ይመልሳል። ሦስቱም ሙሉው የእኔ ነው ብለው ያቅዳሉ። ሦስት አባወራ ሳይነጋገር ከአንድ ጎተራ እህል ሲያወጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው በ200 ቢትኮይን ይገዛል። ሁለተኛው የ150 ትእዛዝ ሲልክ «በቂ ሂሳብ የለም» ይባላል።

ይህኛው እንኳን ሎግ (ቦቱ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ስለሚታይ ቀላል ነው። ከባዱ ሁለት ቦቶች አንድ ዓይነት ኮይን ሲይዙ ነው። አንዱ 0.5 ሶላና ገዝቷል፣ ሌላው 0.3። አካውንቱ የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው፣ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ አይመዘግብም። ኮሚሽኑ ከኮይኑ ላይ ስለሚቆረጥ ድምሩ ከ0.8 ትንሽ ያንሳል። ቀድሞ የሸጠው ሙሉ 0.5 ሊሸጥ ይችላል። ጉድለቱ የሚታየው በኋለኛው ላይ ነው። ያኔ የኋለኛው ትሬድ አልዘጋ ይላል፣ እናንተም ጥፋቱን እሱ ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ኤክስቼንጁ ንዑስ አካውንት የሚፈቅድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቦት የራሱ አካውንትና የራሱ ቁልፍ ይሰጠው። ካልሆነ ፍሪክትሬድ ላይ አቬይለብል ካፒታል የሚባል ሴቲንግ አለ። ለዚህኛው 100፣ ለዚያኛው 100 ብላችሁ መነሻውን ትወስኑበታላችሁ። ኮይኖቹንም አከፋፍሏቸው፣ አንድ ኮይን ሁለት ቦት እጅ አይግባ። ባይናንስ በሚባለው ኤክስቼንጅ ላይ ኮሚሽን በራሱ ኮይን በቢኤንቢ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ቢኤንቢን ከሁሉም ቦቶች ዝርዝር አውጡት። አንዱ ቦት ሊሸጥ የገዛውን ቢኤንቢ የሌሎቹ ኮሚሽን ሸርፎ ሸርፎ ይጨርሰዋል።

ኮፒ፣ ፔስት፣ ስም መቀየር

ሁለተኛ ቦት ሲጨመር ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው። የኮምፖዝ ፋይሉን ይከፍታል፣ የመጀመሪያውን ብሎክ ከታች ይደግመዋል፣ ስሙን ይቀይራል። መቀየር ያለበት ግን ስሙ ብቻ አይደለም። ብሎኩን ረጋ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች እዩት። የኮንቴይነሩ ስም አለ። ፖርቱ (የቦቱ መቆጣጠሪያ ገጽ የሚከፈትበት ቁጥር) አለ፣ የመጀመሪያው 8080 ከያዘ ሁለተኛው 8081 ይያዝ። የኮንፊግ ፋይሉ አለ፣ የሎግ ፋይሉ አለ። መጨረሻ አካባቢ ቦቱ ትሬዶቹን የሚመዘግብበት የዳታቤዙ ፋይል አለ።

ስም ወይም ፖርት ከተደገመ ዶከር ራሱ ይጮሃል፣ ኮንቴይነሩም አይነሳም። ዳታቤዝ ሲደገም ግን ላያስጠነቅቃችሁ ይችላል። ሁለቱም ቦቶች ይነሳሉ። አንዱ የከፈተውን ትሬድ ሌላው የራሱ አድርጎ ያነባል፣ በራሱ ስትራቴጂ ይሸጠዋል። ድራይ ራን ላይ የነበረን ቦት ወደ እውነተኛ ገንዘብ ስታዞሩም አዲስ ዳታቤዝ ስጡት። አለዚያ በልምምድ የገዛውን ኮይን በእጄ ነው ብሎ ሊሸጥ ይነሳል።

ቦቶቹን በቴሌግራም የምታዝዟቸው ከሆነም እንደዚያው ነው። ለእያንዳንዱ ቦት የተለየ ቶከን (መለያ ቁልፍ) ከቦትፋዘር፣ ቴሌግራም ላይ ቦት ከሚመዘገብበት አካውንት፣ አውጡ። አንድ ቶከን ሁለት ኮንቴይነር ውስጥ ከገባ ይጋጫሉ። «አቁም» ብላችሁ የላካችሁት ትእዛዝ ለየትኛው እንደደረሰ አታውቁም።

ዳታቤዙን ኮንቴይነር ውስጥ መተው

ኮንቴይነር ሲሰረዝ ውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዳታቤዙ ሰርቨሩ ላይ ባለ ፎልደር፣ በቮልዩም (ፎልደሩን ከኮንቴይነሩ ጋር በሚያገናኘው) በኩል ካልተቀመጠ ቦቱ ሲታደስ ያለፈውን ይረሳል። ኮይኑ ኤክስቼንጁ ላይ አለ፣ ግን ልሽጠው የሚል የለም። የዚህ መድኃኒቱ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ አንድ የቮልዩም መስመር ነው።

ቦቱን የቤት ላፕቶፕ ላይ ማሠራት

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ነገር ይለያል። ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ወይም ሞጣ ያለ ሰው መብራት መቼ እንደሚሄድ አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ስቶፕ ሎስ (ዋጋው እስከዚህ ከወረደ ሽጥ የሚል ገደብ) ስላስቀመጠ ተረጋግቶ ይተኛል። ነገር ግን የቦት ስቶፕ ሎስ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ቦቱ ውስጥ ብቻ ነው፣ ኤክስቼንጁ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ዋጋው ሲወርድ አይቶ የሽያጭ ትእዛዝ የሚልከው ቦቱ ነው። ላፕቶፑ ከጠፋ ላኪ የለም።

ስለዚህ ኤክስቼንጁ በሚፈቅድበት ሁሉ ስቶፕ ሎሱን እዚያው ኤክስቼንጁ ላይ አስቀምጡት። ፍሪክትሬድ ይህን የሚያበራ ሴቲንግ አለው። ቦቶቹን ውጭ አገር ባለ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ላይ ብታደርጓቸው ይሻላል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲመለስ ኮንቴይነሮቹ ራሳቸው እንዲነሱም የሪስታርት ፖሊሲውን አስገቡ።

ቪፒኤስም ቢሆን ሁሉንም አይፈታም። ኔትወርክ ከሌለ ቦቱ እየሠራ እናንተ አትደርሱበትም። ስለዚህ ያለ እናንተ ራሱን የሚገታበትን ልክ ቀድማችሁ ስጡት። በአንድ ጊዜ ስንት ትሬድ ይክፈት? ምን ያህል ከከሰረ በኋላ መግዛት ያቁም? እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር የቪፒኤሱ ክፍያ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ የሚከፍልላችሁ ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ትሬድ ተከፍቶ ሳለ ሰርቨሩ እንዳይዘጋባችሁ።

ቁልፍ ላይ መዘናጋት

የኤፒአይ ቁልፉን ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ውስጥ ወይም ኮድ በሚጋራበት ጊትሀብ ላይ በሚወጣ ፋይል ውስጥ አትጻፉ። ገንዘብ የማውጣት ፈቃዱን አጥፉት፣ ቦት እሱ አያስፈልገውም። ቁልፉን በሰርቨራችሁ አይፒ ብቻ እንዲሠራ እሰሩት። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሥሪኮማስ የተባለው የቦት አገልግሎት የደንበኞቹ የኤፒአይ ቁልፎች መውጣታቸውን አምኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቁልፉ በአይፒ መታሰሩ ብዙ ያድናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ኡቡንቱ ላይ ፋየርዎሉን አብርቻለሁ፣ ተዘግቷል ብሎ ማመን። ዶከር ፖርት ሲከፍት የፋየርዎሉን ሕግ አልፎ ነው የሚሄድ። 8080 ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ የቦቱ መቆጣጠሪያ ገጽ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሊሆን ይችላል። ከሰርቨሩ ውጭ እንዳይታይ ከፊቱ 127.0.0.1 ጨምሩበት፣ እናንተ ደግሞ በኤስኤስኤች ታነል (ወደ ሰርቨሩ በሚወስድ የተመሰጠረ መስመር) ግቡ።

አይፒው አንድ መሆኑን መርሳት

አምስት ኮንቴይነር ከአንድ ሰርቨር ሲጠይቅ ለባይናንስ አንድ ጠያቂ ነው። የጥያቄ ገደቡ በአይፒ ይቆጠራል። ሎግ ላይ 429 ስታዩ ቀዝቀዝ በሉ ማለቱ ነው። ካልሰማችሁ 418 ይከተላል፣ አይፒው ከ2 ደቂቃ እስከ 3 ቀን ይታገዳል። የታገደው ደግሞ ያጠፋው ቦት ብቻ ሳይሆን አምስቱም ናቸው። ብዙ ኮይን የሚከታተሉ ቦቶችን በአንድ ጊዜ አታስነሱ፣ በየመሃሉ ጥቂት ደቂቃ ስጡ።

ሰዓት

ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው። ከዩቲሲ ላይ 3 ስትቀንሱ የእኛን አቆጣጠር ታገኛላችሁ። ሎጉ 14:30 ካለ ለእኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የቀን ካንድል (የአንድ ቀን ዋጋ እንቅስቃሴ የሚታይበት ምልክት) የሚዘጋው 00:00 ላይ ስለሆነ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ነው። በቀን ካንድል የሚሠሩ ቦቶች ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ላይ ይነቃሉ። የአይፒ ገደቡም ሜሞሪውም የሚጨናነቀው ብዙ ጊዜ በዚያች ሰዓት ስለሆነ የሌሊቱን ሎግ ጠዋት ላይ እዩት።

ሎግ ዲስክ እስኪሞላ

ዶከር በራሱ ሎግ አይቆርጥም። ካልገደባችሁት እያደገ ይሄዳል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙም መጻፍ ያቅተዋል፣ ሁሉም ቦት አብሮ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር እያንዳንዳቸው 10 ሜጋባይት የሆኑ 3 የሎግ ፋይሎች ይበቃሉ። የሜሞሪ ገደብም አብራችሁ አስገቡ።

ቦት ማብዛትን ስጋት መቀነስ አድርጎ ማየት

አምስት ቦት ያለው ሰው አምስት ቦታ የቆመ ይመስለዋል። አምስቱም ዋጋ ሲወጣ የሚገዙ ከሆነ፣ የያዟቸው ኮይኖችም ቢትኮይን ሲወርድ አብረው የሚወርዱ ከሆነ፣ በተግባር የያዘው ትልቅ አንድ ቦት ነው። አዲስ ኮንቴይነር ከመጨመራችሁ በፊት የቆዩት ቦቶች የከሰሩባቸውን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀኖቹ አንድ ከሆኑ አዲሱ ቦት ኪሳራውን ያበዛው እንደሆን እንጂ አይቀንሰውም።

ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማደስ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች 7ቱ ላይ ተጫነ፣ አንዱ ተረሳ። የተረሳው ሰርቨር ላይ የነበረ አሮጌ ኮድ ነቅቶ ሳያቋርጥ ትእዛዝ ላከ። የእኛ ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። ኢሜጁን «ሌተስት» ወይም «ስቴብል» ብላችሁ አትተዉት፣ የቨርዥን ቁጥሩን ጻፉበት። ካልጻፋችሁ በተለያየ ቀን የተነሱት ቦቶች የተለያየ ቨርዥን ይዘው ይገኛሉ።

ስታድሱ መጀመሪያ የዳታቤዞቹን ኮፒ አስቀምጡ። ከዚያ ድራይ ራን ላይ ያለውን አንዱን ብቻ አድሱ፣ ቢያንስ ጥቂት ትሬድ ከፍቶ እስኪዘጋ ጠብቁት። ሌሎቹን አንድ በአንድ ተከትሉ። ሲያልቅ ዶከር የሚያሳያችሁን የኮንቴይነሮች ዝርዝር ከፍታችሁ የቨርዥን ቁጥሩ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።