ፈንገሱ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል አልወጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ካንዲዳ አውሪስ ስለሚባለው፣ መድኃኒት ስለሚቋቋም የእርሾ ዓይነት ፈንገስ፣ ጎንደርና ዙሪያዋ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለምትሠሩ ነው። እጅ መታጠብን እዚህ አላስተምርም።

ምልክት፦ ትኩሳቱ በአንቲባዮቲክ አልበርድ ይላል፣ የደም ካልቸር እርሾ ያወጣል፣ ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒትም ለውጥ አያመጣም።

ምክንያት፦ ላቦራቶሪው «ካንዲዳ፣ አልቢካንስ ያልሆነ» ብሎ ይዘጋዋል። ጀርም ቲዩብ (አልቢካንስን የሚለየው ምርመራ) ኔጌቲቭ ሆኖ በ42 ዲግሪ ካደገና ፍሉኮናዞልን ከናቀ ካንዲዳ አውሪስን ጠርጥሩ። ማረጋገጫ ግን አይደለም። ቫይቴክ 2 የተባለው የጀርም መለያ ማሽን የድሮ ዳታቤዝ ካለው፣ ካንዲዳ ሄሙሎኒ በሚባለው ዘመዱ ስም ሊጠራው ይችላል።

መፍትሄ፦ ያደገውን ናሙና አትጣሉት! ማልዲ-ቶፍ (ጀርምን በፕሮቲኑ የሚለይ ማሽን) ወይም ሴኩዌንሲንግ (በዘረመሉ መለየት) ወዳለበት ላኩት፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ታማሚውን ለዩ። ደም ውስጥ ከሆነ ከፈንገስ መድኃኒቶች ካስፖፈንጂን ወይም ሚካፈንጂን ይጀመር፤ ትልቁ ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ (ሴንትራል ላይኑ) ከተቻለ ይውጣ። ከቆዳ ብቻ የተገኘውን በመድኃኒት አታሳዱ።

አሁን ወደ ዋናው፤ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኼኛው ነው።

ምልክት፦ ክፍሉ ታጥቦ፣ ታማሚዎቹ ወጥተው፣ ከሳምንታት በኋላ አዲስ በገባ ሰው ላይ ብቅ ይላል።

ምክንያት፦ ሁሉም ወለል ሲያሽ ይውላል። ተጠያቂው ግን ከአልጋ አልጋ የሚዞረው ዕቃ ነው። የእንግሊዙ ኦክስፎርድ 70 ታማሚዎችን ያዳረሰው ወረርሽኝ የተያያዘው ብብት ውስጥ ከሚገባ፣ ተመላልሶ ከሚሠራበት የሙቀት መለኪያ ጋር ነበር። እኛ ዘንድ የማገኘው የደም ግፊት መለኪያው የክንድ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱ የቆሸሸ፣ ፕላስተር ተለጥፎ የተነሳበት፣ ታጥቦ የማያውቅ። አንድ ሆስፒታል ክፍሉን ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ቀለም ቀባ። ቀለሙ ሲደርቅ ያንኑ ጨርቅ ከመሳቢያ አውጥተው አዲስ ታማሚ ክንድ ላይ ጠመጠሙት። ምኑ ይገርማል?

ርካሹን ጨርቅ የሚገዙም ይስሙኝ፤ ሊታጠብ የማይችል ዕቃ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አይግባ።

መፍትሄ፦ ለየአልጋው የራሱ የግፊት ጨርቅ፣ ቴርሞሜትርና የጣት ኦክስጅን መለኪያ ይኑረው፤ የአልጋ ቁጥር ይጻፍበት። ዕቃው ካልበቃ፣ የተጠረጠረው ታማሚ የሚለካበት ለብቻው ይሁን። ብሽሽቱና ብብቱ እየታሸ ናሙና የሚወሰደው ከታመመው ብቻ ሳይሆን ዕቃ ከተጋራው ሁሉ ነው።

በረኪናውስ? በዓይን ግምት ይበጠበጣል፣ ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ከዚያ «ክሎሪን አልሠራም» ይባላል። 5 በመቶ በረኪና ከሆነ 1 እጅ በረኪና፣ 9 እጅ ውሃ፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ባክኗል። ከዚያ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ብረት ከሆነም በውሃ ይጠረግ። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል! ሽታው ደስ የሚለው የኳተርነሪ አሞኒየም ማጽጃ ይህን ፈንገስ በደንብ አይገድልም። ለእጅ አልኮል ይሠራል፤ ጓንት ግን የአልኮል ምትክ አይደለም።

ውሃ ሲጠፋ ሁሌ መጀመሪያ የሚቀረው የዕቃ ማጠቢያው ነው። ከሮቶው ለእሱ የሚሆን ይቀመጥ።

ፈንገሱ ቆዳ ላይ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ታማሚው ወደ ሌላ ዋርድ ወይም ሆስፒታል ሲሄድ ሪፈር ወረቀቱ ላይ በጉልህ ይጻፍ፣ ለተረካቢዋ ሲስተርም በስልክ ይነገራት።